ማበረታቻ ለባለመኪናው፣ ድጎማ ለተሰላፊው

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሜክሲኮ አደባባይ የቆመ ሰው የአዲስ አበባን ሁለት ወገን ነዋሪዎች ጎን ለጎን ያያል። አንደኛው ወገን ተሰልፏል። ሰልፉ ከታክሲ መጫኛው ተነሥቶ፣ የሱቆቹን ደጃፍ ታክኮ፣ ማዕዘን ዞሮ ይሄዳል። ደብተሩን ያቀፈ ተማሪ፣ ከሥራ የወጣች ነርስ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ዘንቢል የያዙ አሮጊት፣ ሁሉም አንገታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ሚኒባስ ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በየራሱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መንገዱን ሞልቶታል። እርሱም ቢሆን አይሄድም። እንደ ተሰላፊው ሁሉ ቆሟል፤ ልዩነቱ ወንበር ማግኘቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዚህ ትዕይንት ላይ አንድ ነገር ተለውጧል። ከቆሙት መኪኖች መካከል ጢስ የማይተፉ፣ ሞተራቸው የማይሰማ፣ አዲስ ቀለማቸው የሚያብለጨልጭ በርክተዋል። ሰልፉ ግን አላጠረም።

ይህ ጽሑፍ የኤሌክትሪክ መኪናን ለመንቀፍ የተጻፈ አይደለም። ነዳጅ የሌላት፣ ወንዝ ግን የሞላት አገር ተሽከርካሪዎቿን በራሷ ኃይል ለማንቀሳቀስ መነሣቷ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይሆንም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህን ሽግግር ለማፋጠን መንግሥት ከሕዝብ ገንዘብ ብዙ ትቷል። የተወው ለማን ነው? በመኪናው ውስጥ ለተቀመጠው ነው ወይስ በሰልፉ ላይ ለቆመው? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሁለት የአማርኛ ቃላትን መመርመር ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ቃላት፣ አንድ ካዝና

የዚህ ጸሐፊ እንጀራ ትርጉም ነው። ከዓመት ዓመት የፖሊሲ ሰነድ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የጥናት ሪፖርት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሳገላብጥ እኖራለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ልብ አልሁ። መንግሥት ከአውቶቡስ ተሳፋሪ ላይ የቲኬቱን ዋጋ ከፊል ሲሸከም ነገሩ «ድጎማ» ይባላል። ከመኪና ገዥ ላይ ቀረጥና ታክስ ሲያነሣ ግን «ማበረታቻ» ይባላል። አንድ ጊዜ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለቱንም «ድጎማ» ብዬ ተርጉሜ አስረከብሁ። ሰነዱ ታርሞ ሲመለስ የመኪናው «ድጎማ» በቀይ ተሰርዞ «ማበረታቻ» ተብሏል። የአውቶቡሱ ግን እንደ ነበር ተትቷል። እርማቱን የሠራው ሰው ክፉ አስቦ ይመስለኛል ብዬ አልናገርም። በጆሮው የለመደውን ነው የጻፈው። ነገር ግን ልማዱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

«ድጎማ» ሲባል በጆሯችን ላይ ሸክም አለ። የሚደጎም ሰው በራሱ የማይቆም፣ የሰው እጅ የሚያይ፣ አንድ ቀን «መላቀቅ» ያለበት ነው። «ማበረታቻ» ሲባል ደግሞ ሥሩ «በረታ» ነውና ክብር አለው። የሚበረታታ ሰው መልካም ሥራ የጀመረ፣ አይዞህ ሊባል የሚገባው ነው። በሂሳብ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ወደ ካዝናው መግባት ሲገባው ያልገባ መቶ ብርና ከካዝናው የወጣ መቶ ብር የሚተዉት ቀዳዳ እኩል ነው። አንድ ልዩነት ቢኖር ይህ ነው፦ የአውቶቡሱ ድጎማ በየዓመቱ በበጀት ላይ ቁጥር ሆኖ ይታያል፣ ይጠየቃል፣ ይከራከሩበታል። የመኪናው ማበረታቻ ግን ያልተሰበሰበ ገንዘብ ስለ ሆነ ከበጀቱ ገጽ ላይ አይታይም። የማይታይ ወጪን ደግሞ ማንም «ይብቃ» ሊለው አይችልም።

እንግዲህ 2022ን እናስታውስ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር መንግሥት ለነዳጅ የሚያደርገውን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀመረ። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ድጎማው ከድሃው ይልቅ ብዙ ነዳጅ የሚቀዳውን ባለመኪና ይጠቅማል የሚል ነበር። ምክንያቱ ትክክል ነው። የሕዝብ ማመላለሻዎች ለጊዜው የታለመ ድጎማ እንዲያገኙ ቢደረግም እርሱም እየቀነሰ እንዲሄድ ታስቦ ነበር። በዚያው በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኑ። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ እንዲሆን፣ ተበታትነው ገብተው እዚሁ ለሚገጣጠሙት ደግሞ ጨርሶ እንዲነሣ ተደረገ። በጥር 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ክልከላ በማውጣት ከዓለም የመጀመሪያዋ ተባለች።

ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን አድርጎ ላነበበ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንደኛው እጅ «ባለመኪናውን ለምን እንደግማለን?» ብሎ ያነሣውን ሁለተኛው እጅ «ባለመኪናውን እናበረታታ» ብሎ መለሰለት። በመካከል የታክሲ ታሪፍ ጨመረ፤ የጨመረውን የከፈለው ተሰላፊው ነው።

የአንድ መኪና ሂሳብ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። የሚከተለው ስሌት ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። ተገጣጥሞ የገባና የማስገቢያ ዋጋው 20,000 ዶላር የሆነ አንድ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እንውሰድ። 15 በመቶ ቀረጥ ሲጨመርበት 23,000 ይሆናል። ኤክሳይዙንና ሱር ታክሱን እንተወውና ተጨማሪ እሴት ታክሱን ብቻ እናስላ። ከ23,000 ላይ 15 በመቶው 3,450 ዶላር ነው። ይህ እንግዲህ ከአንድ መኪና ላይ በአንድ ታክስ ብቻ የተተወው ገንዘብ ነው። መቶ መኪና ሲሆን 345,000 ዶላር ይደርሳል። በዚህ ገንዘብ ከማለዳ እስከ ማታ የሚመላለስ ትልቅ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይገዛል። መቶ ባለመኪኖች በአንድ ታክስ ምሕረት ብቻ አንድ ሙሉ አውቶቡስ ከሰልፉ ፊት ወስደዋል ማለት ነው። ባለመኪኖቹ አላጠፉም፤ ሕግ የሰጣቸውን ነው የወሰዱት። ያጠፋው ሕጉን እንዲህ አድርጎ የቀረጸው ነው።

«መመሪያው ለአውቶቡስም ክፍት ነበር» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይሁን። ነገር ግን ከታክስ ነፃ መሆን የሚጠቅመው መግዛት የቻለውን ነው። አውቶቡስ የሚገዛው ሰው መጀመሪያ ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማግኘት አለበት። ባንክ ደግሞ ሚኒባስ ላለው የታክሲ ባለንብረት ለአዲስ ቴክኖሎጂ እንዲህ ያለ ብድር በቀላሉ አይሰጥም። ለሁሉም ክፍት የሆነ በር ደረጃው ከፍ ያለ ከሆነ የሚገባው ረጅሙ ሰው ብቻ ነው። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደረጃው የበለጠ ከፍ ብሏል።

የመንግሥት ዕቅድም ይህንኑ ይመሰክራል። በአሥር ዓመቱ የትራንስፖርት ዕቅድ ወደ አገር እንዲገቡ የታሰቡት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች 148,000፣ አውቶቡሶች ደግሞ 4,800 እንደ ነበሩ በሰፊው ተዘግቧል። ለአንድ አውቶቡስ ከ30 የሚበልጡ አውቶሞቢሎች ማለት ነው። አሁንም ለምሳሌ ያህል፣ አንድ አውቶቡስ በአንድ ጉዞ 60 ሰው ጭኖ በቀን ስምንት ጊዜ ቢመላለስ 480 ሰው ያደርሳል። 4,800ው አውቶቡሶች በቀን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጉዞ ያስተናግዳሉ። አንድ አውቶሞቢል በአማካይ አንድ ሰው ተኩል ይዞ ጠዋት ሄዶ ማታ ቢመለስ፣ 148,000ው መኪኖች በቀን ግማሽ ሚሊዮን ጉዞ እንኳ አይሞሉም። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን አስበው ባይሆንም ይህን ይገልጸዋል።

ጢስ የሌለው መጨናነቅ

ሌላው የሚዘነጋው ነገር ቦታ ነው። መኪና ሞተሩ ቢለወጥም ርዝመቱና ስፋቱ አይለወጥም። አንዱን መኪና አራት ሜትር ተኩል አድርገን 148,000ውን መኪኖች አፍና ጅራታቸውን አገናኝተን ብናሰልፋቸው ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናሉ። ሰልፉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ድሬዳዋን አልፎ ወደ ጅቡቲ ያመራል። ይህ ሁሉ መኪና የሚያድረው በሐረርጌ በረሃ ሳይሆን በዋና ከተማይቱና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ጎዳና ላይ ነው። የቤንዚኑን መኪና በባትሪ መኪና ብንተካ የምናገኘው ጢስ የሌለው መጨናነቅ ነው። ጢሱ መቅረቱ ለሳንባ መልካም ነው። ለቀረበት ሥራ፣ ላመለጠው ፈተና፣ ልጇን ከመዋለ ሕፃናት ለማውጣት ለዘገየችው እናት ግን መልስ አይሆንም።

በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር፣ ሲሶ ያህሉ በሕዝብ ማመላለሻ እንደሚደረጉ የከተማይቱን ትራንስፖርት ያጠኑ ሰነዶች ሲያመለክቱ ኖረዋል። የግል መኪናው ድርሻ ከጠቅላላው ጉዞ 15 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንግሥት አንድ ብር በትራንስፖርት ላይ ሲያወጣ ወይም ሲተው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህ ብር ለ85 በመቶው ምን ይሠራል?» ብሎ ነው። የእግረኛ መንገድ ጥላና መብራት፣ የአውቶቡስ ልዩ መስመር፣ ዝናብ የማያስገባ ፌርማታ፣ እነዚህ ሁሉ ርካሽ ናቸው። ሪባን ሲቆረጥባቸው ግን እንደ አዲስ መኪና ፎቶግራፍ አያምሩም።

የኃይል መሙያውም ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚመቸው የራሱ ግቢ፣ የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው ነው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ገመድ በመስኮት አውርዶ ሊሞላ አይችልም። በአንድ ቆጣሪ ስድስት ሆነው በአንድ ግቢ የተከራዩ ሰዎችማ ምጣድ ለመጣድ እንኳ ተራ ይጠብቃሉ። አውቶቡስ ግን ማታ ዴፖ ገብቶ በአንድ ቦታ ይሞላል፤ መስመሩ የታወቀ፣ የሚሄድበት ርቀት የተለካ ነው። ኤሌክትሪክ ለአንድ ተሽከርካሪ ተስማሚ ነው ከተባለ ከሁሉ በፊት ለከተማ አውቶቡስ ነው። የቻይናዋ ሼንዠን ይህን ተረድታ በ2017 መጨረሻ ከ16,000 የሚበልጡ የከተማ አውቶቡሶቿን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ቀየረች። እኛ ከቻይና መኪናውን ስናስመጣ ጥበቡን እዚያው ተውነው።

ባቡሩ ለምን ቆመ?

«የሕዝብ ማመላለሻንማ ሞክረን አየነው» የሚሉ አሉ። ማስረጃቸው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። በ2015 ሥራ ሲጀምር በከተማይቱ ደስታ ሆነ። በ475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎችና ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘረጋ። ባቡሩም ኤሌክትሪክ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ትራንስፖርት ለአዲስ አበባ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ ዕጦትና በጥገና ጉድለት ከመስመር መውጣታቸው ተዘገበ። የቀሩት ሰው እስከ በር አጭቀው ይሄዱ ጀመር።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ተቃዋሚዎቹ ከሚሉት ተቃራኒውን ነው። ባቡሩ የተጎዳው ተሳፋሪ አጥቶ አይደለም። ቲኬቱ ሲከፈት ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ዋጋው ለድሃው እንዲመች ዝቅ መደረጉ ተገቢ ነበር። ዝቅ ያደረገው ወገን ግን ልዩነቱን በየዓመቱ በወቅቱ መክፈል፣ የመለዋወጫውንም ዶላር አስቀድሞ መመደብ ነበረበት። ዋጋውን በአዋጅ አርክሶ ልዩነቱን አለመክፈል ድጎማ አይባልም፤ ዕዳውን በባቡሩ ጎማና ፍሬን ላይ መጫን ነው። ባቡሩ ራሱን እየበላ ድሃውን ተሸከመ፤ ሲደክመው ቆመ። በተመሳሳይ ዘመን ለግል መኪኖች መግዣ ዶላር በገበያው ውስጥ ሲሽከረከር ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን በሕዝብ ማመላለሻ ላይ ማላከክ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

ጎረቤቶቻችንን እንይ

ይህ ጥያቄ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ናይሮቢ የሚኖር አንባቢ በ2022 የተከፈተውን ከምሎሎንጎ እስከ ዌስትላንድስ የሚዘልቅ 27 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ ያውቀዋል። ክፍያ የቻለ ባለመኪና ከበላይ ሽው ይላል፤ ማታቱውና እግረኛው ከሥር በጭንቅ ይጓዛሉ። ለከተማይቱ ቃል የተገባው የፈጣን አውቶቡስ መስመር ግን ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ኖሯል። ይሁንና ከዚያው ከናይሮቢ የሚወሰድ መልካም ምሳሌም አለ። በ2022 ባሲጎ የተባለ ኩባንያ ሁለት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችን በሙከራ አሰማራ። ብልሃቱ ይህ ነው፦ ባለማታቱው አውቶቡሱን ሲገዛ ውድ የሆነውን የባትሪውን ዋጋ አይከፍልም፤ ለባትሪውና ለኃይሉ በነዳበት ኪሎ ሜትር ልክ ይከፍላል። የእኛ ሚኒባስ ባለንብረት ብድር አጥቶ የቆመበትን ግድግዳ ይህ አሠራር ያፈርሰዋል። የኬንያ የ2023 የፋይናንስ ሕግም የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችን፣ ሞተር ብስክሌቶችንና ብስክሌቶችን በስም ጠርቶ ከታክስ አቅልሏል። ጥቅሙ ወዴት እንዲሄድ እንደሚፈልግ በስም መጥራት አንድ ነገር ነው።

ዳሬ ሰላምን የጎበኘ ሰው በግንቦት 2016 ሥራ የጀመረውን የፈጣን አውቶቡስ አገልግሎት ሳያይ አይመለስም። አውቶቡሶቹ የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ መኪናው ሲቆም እነርሱ ይሄዳሉ። ከተማይቱ በዚህ ሥራዋ የ2018ን የዘላቂ ትራንስፖርት ሽልማት አገኘች። ከዚያ ወዲህ የአውቶቡስ እጥረት አጋጠማት፤ ጃንግዋኒ ላይ የሚገኘውን ዴፖዋን ጎርፍ ደጋግሞ አጥለቀለቀው። ችግሩ ግን ሕዝቡ ስለ ጠላው የመጣ አልነበረም፤ ሕዝቡ ከሚችለው በላይ ስለ ጎረፈበት ነው። እንዲህ ያለ ችግር ገንዘብ ሲታከልበት የሚፈታ እንጂ ሐሳቡን የሚያስጥል አይደለም።

«ኖርዌይስ?»

የመኪናው ማበረታቻ ጠበቆች ሁልጊዜ ኖርዌይን ይጠራሉ። እርሷም እንደ እኛ ኃይሏ ከውኃ የሚመነጭ፣ የኤሌክትሪክ መኪናን ከታክስ ነፃ አድርጋ በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች አሥሩ ውስጥ ዘጠኝ ያህሉ ኤሌክትሪክ የሆኑባት አገር ናት። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው ይነበብ። ኖርዌይ መኪናውን ስታበረታታ ኦስሎ ቀድሞውኑ ትራምና የምድር ባቡር ነበራት። ማንም ኖርዌያዊ መኪና ባይገዛ ሰልፍ ላይ አያድርም። ሀብታሟ ኖርዌይ እንኳ ከ2023 ጀምሮ ዋጋቸው ከ500,000 ክሮነር ለሚያልፍ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተረፈው ላይ ታክሱን መልሳ አስገባች፤ ቅንጡ መኪና የሚገዛ ሰው የሕዝብ አይዞህ ባይነት አያስፈልገውም ብላለች። ከዚህም አልፋ በትልልቅ ከተሞቿ የሚጨምረው የሰው ጉዞ በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በብስክሌትና በእግር እንዲሸፈን፣ የመኪናው ፍሰት እንዳይጨምር የሚል ግብ በመንግሥት ደረጃ አጽድቃለች። እኛ ከኖርዌይ የቀዳነው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው።

ግድቡ የማን ነው?

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የሂሳቡ ነገር አይደለም። በመስከረም 2025 ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ በ2011 ሲጀመር የውጭ አበዳሪ ፊቱን አዞረበት። የገነባነው እኛው ነን። መምህሩ የወር ደመወዙን ሰጠ፤ ሊስትሮው ቦንድ ገዛ፤ በናይሮቢ፣ በጁባ፣ በካርቱም፣ በዱባይና በዋሽንግተን ያለ ኢትዮጵያዊ ከእንጀራው ላይ ቀንሶ አዋጣ። ያን ጊዜ ማንም «ይህን ኃይል የምትጠቀሙበት መኪና ስትገዙ ነው» አላለንም።

ዛሬም ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። መብራት ያለው የከተማ ነዋሪ ደግሞ አብዛኛው በእግሩ ይሄዳል። ከዓባይ ውኃ የተገኘው ኃይል በቤት ውስጥ ከሚበራው አምፑል ቀጥሎ ወዴት መሄድ አለበት? የእኔ መልስ ግልጽ ነው፦ ደመወዙን የሰጠውን መምህር ማታ ወደ ቤቱ ወደሚያደርሰው አውቶቡስ። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባላል። ይህን ግድብ ግን ድሃው በሕልሙ አልጠጣውም፤ ላቡን አፍስሶበታል። ኃይሉ መጀመሪያ የሌላውን ሰው መኪና ከሞላ በኋላ ወደ እርሱ ይመጣል ማለት ነውር ነው።

የውጭ ምንዛሪው ክርክርም ከዚህ አይለይም። ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እንደሚወጣ አልክድም፤ ይህ ሸክም መቅለል አለበት። ነገር ግን መኪናውም በዶላር ነው የሚገዛው፤ ባትሪውም፣ ጎማውም፣ መለዋወጫውም እንዲሁ። አንድ ዶላር ብዙ ነዳጅ የሚያድነው ከማለዳ እስከ ሌሊት በሚሠራ አውቶቡስ ላይ ሲውል ነው። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ግቢ ቆሞ የሚውል አውቶሞቢል የሚያድነው ነዳጅ ትንሽ ነው፤ ቀድሞውንም ብዙ አይነዳምና።

ምን ይደረግ?

ነቅፎ መሄድ ቀላል ነው፤ ስለዚህ የምጠይቀውን ልናገር።

አንደኛ፣ ነገሩ በስሙ ይጠራ። ለመኪና የተተወው ታክስ ድጎማ ነውና በየዓመቱ ከበጀቱ ጋር ተሰልቶ ይታተም። ሕዝቡ ምን ያህል እንደ ተተወና ለማን እንደ ተተወ ካወቀ በኋላ «ይገባል» ቢል ይቀበሉት።

ሁለተኛ፣ ጥቅሙ በመኪና ሳይሆን በወንበር ይለካ። ስልሳ ሰው የሚጭን አውቶቡስ ከሁሉ የበለጠውን፣ አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን ሚኒባስ ተከታዩን ያግኝ። የግል አውቶሞቢል ጥቂት ቢያገኝ፣ ቅንጡው ምንም አያግኝ። በአዲስ አበባ ሥራ የጀመሩት ጥቂት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ለወጉ ያህል ቆመው እንዳይቀሩ ይህ ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ለሚኒባስ ባለንብረቱ የብድር ዋስትና ይዘጋጅለት፤ ባትሪውን እየነዳ በኪሎ ሜትር የሚከፍልበት አሠራር ይፈቀድለት። ሾፌሩና ረዳቱ የሽግግሩ ተጎጂዎች ሳይሆኑ ተካፋዮች ይሁኑ።

አራተኛ፣ አዲስ ነገር ከመግዛታችን በፊት ያለውን እንጠግን። የቀላል ባቡሩ መለዋወጫና የጥገና በጀት ማንም በማይነካው ሂሳብ ተለይቶ ይቀመጥ። በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ላይ አንድ ረድፍ ለአውቶቡስ ብቻ ይከለል። ለዚህ ቀለምና ቆራጥነት ይበቃል፤ ዶላር አይጠይቅም።

እነዚህ ነገሮች ባለመኪናውን የሚጎዱ አይምሰሉት። አርባ ሰው በአንድ አውቶቡስ በሄደ ቁጥር ከፊቱ የሚቆሙት መኪኖች ይቀንሳሉ፤ የገዛው መኪናም የሚሄድበት መንገድ ያገኛል። መልካም የሕዝብ ማመላለሻ ለባለመኪናውም ማበረታቻ ነው፤ ከፈለጋችሁ በዚህ ስም ጥሩት።

ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ልመለስ። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንድ ሚኒባስ ደረሰ፤ አሥራ ሁለት ሰው ገባ፣ ሰልፉ አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ዘንቢል የያዙት አሮጊት ዘንቢላቸውን አንሥተው እንደ ገና አስቀመጡት። ከፊታቸው ባለው መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ቆመዋል። ቀጣዩን ሰነድ ስተረጉም ሁለቱንም ዳግመኛ «ድጎማ» ብዬ እጽፋቸዋለሁ። በቀይ የሚሰርዘው ሰው ከመሰረዙ በፊት አንድ ምሽት እዚህ መጥቶ ይሰለፍ።